የአፈር ሳይንስ ፒኤችዲ፦ ቦታውን ያገኘሁበት መንገድ

ፍለጋውን ስጀምር ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ የማየው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ነበር። የአፈር ምርምር ወጪው ብዙ ነው። የመስክ ጉዞ አለ፣ ናሙና ማጓጓዝ አለ፣ የላብራቶሪ ሂሳብ አለ። ለትምህርትና ለኑሮ ብቻ የሚከፍል ስኮላርሺፕ ይዞ የገባ ሰው ናሙናውን ሰብስቦ ማስመርመሪያ ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ትኩረቴን እንደ ሥራ በሚወጡ ቦታዎች ላይ አደረግኩ። በኔዘርላንድስ፣ በስዊድንና በዴንማርክ የፒኤችዲ ተማሪ ብዙ ጊዜ በደመወዝ የሚቀጠር ሠራተኛ ነው። የምርምር ጥያቄው፣ በጀቱና ሱፐርቫይዘሩ ቀድመው ተወስነዋል፤ የቀረው ሰው መምረጥ ነው። ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲና የስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መስክ ደጋግሜ ያየኋቸው ናቸው። አሜሪካ ደግሞ ነገሩ ይለያል። እዚያ ፈንድ ያለውን ፕሮፌሰር ቀድሞ በኢሜይል ማግኘት ግማሽ ሥራ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚሰጣቸውን የማሪ ኪዩሪ የዶክትሬት ኔትወርኮችንም፣ የተመራማሪዎች ሥራ በሚወጣበት በዩራክሰስ ድረ ገጽ እከታተል ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ሕግ አለ። አመልካቹ ከቅጥሩ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ፣ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ ኖሮ መሆን የለበትም። ማስተርሱን እዚያው አገር ገና የጨረሰ ሰው በዚህ ሊወድቅ ይችላል፤ ጎረቤት አገር ያለው ቦታ ግን ክፍት ነው። ማስታወቂያዎቹን የማጣራው መጀመሪያ በዚህ ወንፊት ነበር። ብዙ ጊዜ ቆጥቦልኛል።

ርዕስ ላይ ስንመጣ፣ ዘመኑ የካርበን ነው። የላይኛው አንድ ሜትር አፈር የያዘው ካርበን በከባቢ አየርና በዕፅዋት ውስጥ ካለው ድምር ይበልጣል። በ2015 በፓሪሱ የአየር ንብረት ጉባኤ የአፈርን ካርበን በየዓመቱ በሺህ አራት እጅ ማሳደግን ያለመው «4 በ1000» የሚባለው ኢኒሼቲቭ ከተጀመረ ወዲህ ጉዳዩ ከአፈር ባለሙያዎች አልፎ የፖለቲከኞችም ሆኗል። ማስታወቂያውም በዝቷል፣ አመልካቹም እንደዚያው።

እኔ ያመለከትኩበት ቦታ ሳይታረስ የሚዘራ መሬት ካርበን ያጠራቅማል ወይ የሚል ነበር። ደብዳቤዬ ላይ ስለ ተፈጥሮ ፍቅሬ አንድ መስመር አልጻፍኩም። የጻፍኩት ስለ ናሙና ጥልቀት ነው። ማረሻ ያልነካው መሬት ካርበኑ ወደ ላይ ይሰበሰባል። 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ብቻ ከለካን ጭማሪው ትልቅ ይመስላል፤ ወደ ታች ስንወርድ ልዩነቱ ይጠባል። በዚያ ላይ የአፈሩ እፍጋት፣ ማለትም ምን ያህል እንደታመቀ፣ ይለወጣል። ስለዚህ ሁለቱን ማሳ በእኩል ጥልቀት ሳይሆን በእኩል የአፈር ክብደት ማወዳደር ይሻላል። ቃለ መጠይቁ ላይ ረጅሙ ወሬ በዚህች አንቀጽ ላይ ነበር። በሲቪዬ ላይ ያሉትን ስልጠናዎች የጠየቀኝ የለም!

የራሴ ዳታ በእጄ አልነበረም። ግን ኢስሪክ የተባለው የአፈር መረጃ ተቋም የሚያወጣው የዓለም የአፈር ካርታ፣ ሶይልግሪድስ፣ በ250 ሜትር ጥራት በነፃ ይገኛል። ሉካስ ከሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የመስክ ናሙና ጥናት የተገኘው የአፈር ዳታም በጥያቄ ይሰጣል። ሁለቱን አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም አወዳድሬ፣ የት የት እንደማይገጥሙ የሚያሳይ አንድ ካርታ ከማመልከቻዬ ጋር አያያዝኩ። ሙያው ስታቲስቲክስ የሚችል ሰው አጥብቆ ይፈልጋል። በእኔ ግምት ከአካፋ ይልቅ የሚያጥረው እሱ ነው።

ጥያቄ እንዳለኝ ሲጠይቁኝ ያነሳሁት የጊዜውን ጉዳይ ነው። አውሮፓ ውስጥ ፒኤችዲ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው። የአፈር ካርበን ለውጥ ግን ቀስ ያለ ነው፤ አንዱ ማሳ ውስጥ ራሱ ከቦታ ቦታ ያለው ልዩነት ለውጡን ሊሸፍነው ይችላል። እንግሊዝ ያለው የሮትሃምስቴድ የግብርና ምርምር ተቋም ብሮድባልክ የተባለውን የስንዴ ማሳ ሙከራ ከ1843 ጀምሮ የቀጠለው ያለ ምክንያት አይደለም። «የቆየ የሙከራ ማሳ ወይም የተቀመጠ አሮጌ ናሙና አላችሁ?» አልኳቸው። አላቸው። «የለንም» ቢሉኝ ቦታውን እተወው ነበር።

ከመፈረሜ በፊት እዚያው የሚሠሩ ተማሪዎችን አነጋገርኩ። ሱፐርቫይዘሩ ረቂቅ በስንት ጊዜ አንብቦ ይመልሳል፣ የላብራቶሪ ወረፋው ምን ይመስላል፣ መስክ ላይ ረዳት ይገኛል ወይ? መልሳቸው ከማስታወቂያው በላይ ግልጽ ነበር። የሥራ መጀመሪያ ቀኔንም ከናሙና መሰብሰቢያው ወቅት ቀደም እንዲል አስለወጥኩ። ከወቅቱ በኋላ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው የመስክ ዓመት ያመልጠኝ ነበር።