የማጥኛ ሶፍትዌሩ ወደ ደንበኝነት ክፍያ ሲዞር ማስታወሻዬን እንዴት አወጣሁ

የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛ ሶፍትዌር አንዴ ተገዝቶ የሚቀር መሆኑ አብቅቶ በወር ወይም በዓመት የሚከፈልበት ሲሆን፣ ተጠቃሚው የሚቆጣው በዋጋው ይመስላል። ዋጋው ግን ሁለተኛ ነገር ነው። የሚያናድደው ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ክፍያ መታሰራቸው ነው፤ ቀድሞ የተገዙት መጻሕፍት፣ የፕሮግራሙ የፍለጋና የቃል ጥናት መሣሪያዎች፣ እና ተጠቃሚው ራሱ ለዓመታት የጻፈው ማስታወሻ። የመጀመሪያው የአጠቃቀም ፈቃድ ነው፣ ሁለተኛው ኪራይ ሆኗል፣ ሦስተኛው ግን የራስ ንብረት ነው። ስለዚህ ልክፈል አልክፈል ከማለቴ በፊት ማስታወሻውን ማውጣት አስቀደምኩ።

ከዚያም በፊት ቆጠራ ያስፈልጋል። በሠንጠረዥ አራት ዓምድ ከፈትኩ፦ የመጽሐፉ ስም፣ የተገኘበት መንገድ፣ በእርግጥ የምጠቀምበት መሆን አለመሆኑ፣ ነፃ ምትክ ያለው መሆን አለመሆኑ። ዋናው ሁለተኛው ዓምድ ነው። አንዳንዱ መጽሐፍ ለብቻው ተገዝቷል፣ አንዳንዱ በጥቅል መጥቷል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከደንበኝነቱ ጋር በውሰት ተከፍቷል። በውሰት የተከፈተው ክፍያው በቆመ ጊዜ ይዘጋል። ፕሮግራሙ ግን ሁሉንም በአንድ መደርደሪያ ስለሚያሳይ በዓይን አይለይም፤ በመለያው ገጽ ላይ ካለው የግዢ ታሪክ ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ግድ ነው። በጥቅል ከመጡት ውስጥ ተከፍተው የማያውቁት ብዛት ሲታይ ንዴቱም በረድ ይላል።

ሂሳቡ ላይ ሰው ሁሉ የወሩን ክፍያ ከድሮው የግዢ ዋጋ ጋር ያስተያያል። ትክክለኛው ማነፃፀሪያ ግን በስንት ዓመት አንዴ አዲስ እትም ይገዛ እንደነበር ነው። የማሻሻያ ዋጋው ከ18 ወር ክፍያ ጋር እኩል ነው እንበል። በየ2 ዓመቱ ያሻሽል የነበረ ሰው አሁን በዚያው ጊዜ የ24 ወር ይከፍላል፤ የጨመረበት ሲሶ ነው። በየ6 ዓመቱ ያሻሽል የነበረው ግን የ72 ወር ይከፍላል፤ አራት እጥፍ ማለት ነው። አንዱ «ምን ያስጮሃል?» ሲል ሌላው የሚጮኸው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

የአምራቹም ችግር ሰበብ ብቻ አይደለም። ስርዓተ ክወናዎች በየጊዜው ስለሚለወጡ፣ ምንም አዲስ ነገር ባይጨመርበት እንኳ ፕሮግራሙ እንዲሠራ ማድረግ ብቻውን ሥራ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የማክ ስርዓተ ክወና፣ በካታሊና፣ አሮጌዎቹ ባለ32 ቢት ፕሮግራሞች መሥራት አቆሙ። አንዴ ተሸጦ የሚቀረው አሠራርም ቢሆን ዋስትና አልነበረም፤ የማጥኛ ሶፍትዌር አምራቹ ባይብልወርክስ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራውን ዘግቷል። የገዙት ፕሮግራሙን አልተቀሙም፣ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ እንዲሠራ የሚያስተካክልላቸው ግን የለም። ባጭሩ «ለዘለቄታ» የተባለ ፈቃድ ዕድሜው ከሚሠራበት ማሽን ብዙም አይረዝምም።

ያንን ዕድሜ ለማራዘም አሮጌው እትም ገና ክፍት ሳለ የኢንስቶለሩን ፋይል አስቀመጥኩ፣ አውቶማቲክ አፕዴትን አጠፋሁ፣ ፕሮግራሙን ዘግቼ የዳታ ፎልደሩን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ቀዳሁ። ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ ከተቀዳ ዳታቤዙ ግማሽ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፣ ያ ኮፒ ኋላ አይከፈትም። አንድ ነገር ግን ባክአፕ አያድነውም፤ ፈቃዱ በኢንተርኔት በአምራቹ ሰርቨር የሚረጋገጥ ከሆነ፣ ሰርቨሩ በተዘጋ ጊዜ አዲስ ኮምፒውተር ላይ መጫን አይቻልም። ስለዚህ አንዴ ተጭኖ የተረጋገጠ ቅጂ ያለበትን ኮምፒውተር ፎርማት ከማድረግ መቆጠብ ነው።

ወደ ማስታወሻው ስመጣ፣ ሥራውን የሚበላው እዚህ ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ማስታወሻን ወደ ዎርድ ሰነድ ወይም ወደ ጽሑፍ ፋይል ኤክስፖርት ያደርጋሉ፤ ጽሑፉ ይወጣል፣ የተንጠለጠለበት ምዕራፍና ቁጥር ግን አንዳንዴ ይቀራል። ሁሉንም ከማውጣት በፊት ጥቂት ማስታወሻዎችን ማውጣትና ሦስት ነገር ማየት ይበቃል፦ ጥቅሱ አለ? ቀኑ አለ? ረጅሙ ማስታወሻ መሀል ላይ ተቆርጧል? ቀለም የተቀባበት ጽሑፍ ደግሞ የባሰ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው በቁጥሩ ሳይሆን በዚያ እትም ውስጥ ስንተኛ ፊደል ላይ እንደተጀመረ ነውና ሌላ ፕሮግራም አያነበውም። ቀለሞቹን እንዳሉ ለማዛወር ጊዜ አላጠፋሁም፤ ዋጋ ያላቸውን «ይህ ቁጥር ተቀልሟል፣ ምክንያቱም…» ብዬ ወደ አጭር ማስታወሻ ቀየርኳቸው። የቀረው ይቅር።

በአማርኛ የተጻፈ ማስታወሻ የራሱ ጣጣ አለው። ጥቅሱ አንዴ በ«፥»፣ አንዴ በ«፡»፣ አንዴ በላቲኑ ሁለት ነጥብ ተጽፎ ይገኛል፤ «1ኛ ቆሮ»፣ «1 ቆሮ.» እና «፩ ቆሮ» ለሰው አንድ ናቸው፣ ለፕሮግራም ሦስት። «ኢዮ» ኢዮብ ይሁን ኢዮኤል ከአገባቡ ካልሆነ አይታወቅም። «ፈልገህ ተካ» በሚለው ትእዛዝ አንድ ወጥ አደረግኳቸው፤ በመጀመሪያ ምልክቶቹን፣ ቀጥሎ የግዕዝ ቁጥሮችን፣ በመጨረሻ የመጻሕፍቱን አኅጽሮት። ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን ይሻላል፣ አኅጽሮቱን የሚፈልገው ንድፍ ከኋላው ያለውን ቁጥርና ምልክት አይቶ ነው የሚለየውና። የቁጥር ክልል ላይ ደግሞ አጭሩና ረጅሙ ሰረዝ ይቀላቀላሉ፤ «3–5» በረጅሙ ከተጻፈ ቁጥር 3ን ብቻ የሚይዝ ፕሮግራም አለ። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ ፍለጋውን ይከፍሉታል፤ «ጸሎት» ብሎ የፈለገ «ፀሎት» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ዋናውን ጽሑፍ ሳልነካ፣ ፊደላቱ ወደ አንድ የተጠቀለሉበት ሁለተኛ ቅጂ ለፍለጋ ብቻ አዘጋጀሁ። ፋይሉ የግዕዝ ፊደላትን በሚይዘው ኢንኮዲንግ (የፊደል አመዘጋገብ)፣ በዩቲኤፍ-8፣ መቀመጥ አለበት፤ ሠንጠረዡ ሲከፈት በግዕዝ ፋንታ የማይነበብ ምልክት ከታየ፣ ሴቭ ሳይደረግ ተዘግቶ ኢንኮዲንጉ ተመርጦ እንደገና ይከፈት። ሴቭ ከተደረገ ብዙ ጊዜ መመለሻ የለውም።

ማስታወሻዎቹን ያስቀመጥኩት በየምዕራፉ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጌ ነው። በ66ቱ መጻሕፍት 1,189 ምዕራፍ አለ፣ ለኮምፒውተር ምንም ማለት አይደለም። ስሙ «01-ዘፍ-001» ይመስላል፤ የመጽሐፉ ተራ ቁጥር ከፊት ካልገባ ፋይሎቹ በፊደል ተራ ይሰለፋሉ፣ ምዕራፉ በሦስት አሃዝ ካልተጻፈ ደግሞ መዝሙር 100 ከመዝሙር 2 ይቀድማል። ሄኖክንና ኩፋሌን የመሳሰሉትም በዚህ አቀማመጥ ችግር የለባቸውም፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ግን ለእነዚህ ቦታ የላቸውም።

ሳይታወቅ የሚያበላሸው የቁጥር አቆጣጠር ልዩነት ነው። «ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ» የሚለው በእንግሊዝኛ ትርጉሞች አቆጣጠር መዝሙር 51፥10 ነው። በዕብራይስጡ 51፥12 ይሆናል፣ አርእስቱ እንደ ሁለት ቁጥር ስለሚቆጠር። በሰብዓ ሊቃናት፣ በጥንቱ የግሪክ ትርጉም፣ ደግሞ መዝሙሩ ራሱ 50ኛ ነው። ኢዮኤል በዕብራይስጡ 4 ምዕራፍ ነው፣ በሌላው 3፤ ሚልክያስ በተቃራኒው 3 እና 4። ፕሮግራሙ ስህተት አለ ብሎ አይናገርም፣ ማስታወሻውን ዝም ብሎ ሌላ ቁጥር ላይ ያስቀምጠዋል። ካዛወርኩ በኋላ መዝሙር 51ን፣ ኢዮኤል 3ን፣ ሚልክያስ 4ን እና 3ኛ ዮሐንስ 14ን ከፍቼ አየሁ፤ እነዚህ ልክ ከሆኑ ሌላው ብዙ ጊዜ ልክ ነው።

ምትኩን በተመለከተ፣ በዊንዶውስ ኢ-ሶርድና ዘወርድ፣ በአንድሮይድ አንድባይብልና ማይሶርድ፣ በሊኑክስ ዚፎስ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ስቴፕባይብል በብራውዘር ይሠራል፣ የቋንቋ ዳታውም በነፃ ፈቃድ የተለቀቀ ነው። የራስን ማስታወሻ ወደ ሞጁል (ፕሮግራሙ ከፍቶ ወደሚያነበው ፋይል) ለመቀየር ቅርጻቸውን ማወቅ ይጠቅማል። ኢ-ሶርድና ማይሶርድ ፋይሎቻቸው የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ናቸው፣ በማንኛውም የዚህ ዓይነት ዳታቤዝ መክፈቻ ይታያሉ። ዘወርድ ለመጽሐፍ ቅዱስ ጽሑፍ የሚጠቀመው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በየመስመሩ አንድ ቁጥር፣ ለመላው መጽሐፍ ቅዱስ 31,102 መስመር፣ ለብሉይ 23,145፣ ለሐዲስ 7,957። አንድ መስመር ከጎደለ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ይንሸራተታል፤ ባዶ የሆነ ቁጥር ቢኖር እንኳ መስመሩ ባዶውን መቆየት አለበት።

ለእያንዳንዱ የዕብራይስጥና የግሪክ ቃል መለያ የሆኑት የስትሮንግ ቁጥሮች ላይም ጥንቃቄ ያሻል። አንዱ ፕሮግራም 430 ሲል ሌላው 0430 ይላል፣ ፍለጋው አይገናኝም። በአንዳንድ መሣሪያዎች ያለው የጉድሪክና ኮለንበርገር አቆጣጠር ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ በስትሮንግ ቁጥር ቢፈለግ ሌላ ቃል ይመጣል። እ.ኤ.አ. የ1890ው የስትሮንግ ኮንኮርዳንስ (የቃላት ማውጫ)፣ የ1906ቱ የብራውን፣ ድራይቨርና ብሪግስ የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት፣ የታየር የግሪክ መዝገበ ቃላት የቅጂ መብታቸው ስላለፈ በየነፃ ፕሮግራሙ አሉ። ለግሪኩ የሐዲስ ኪዳን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኤስቢኤል (የመጽሐፍ ቅዱስ ሥነ ጽሑፍ ማኅበር) እትም በነፃ ይገኛል፤ በሴሚናሪ ከተለመደው እትም ጋር ከ540 በላይ ቦታዎች ላይ ስለሚለያይ ጥቅስ ሲወሰድ እትሙን መጥቀስ ያስፈልጋል።

ምትክ ያላገኘሁለትም አለ። የቅርብ ጊዜ መዝገበ ቃላት፣ የቅጂ መብት ያላቸው ትርጉሞች ከግሪኩና ከዕብራይስጡ ጋር ቃል በቃል የተያያዙበት ዳታ፣ በሰዋስው አገባብ መፈለግ፣ እነዚህ በአብዛኛው የሚገኙት በክፍያ ነው። በየሳምንቱ ከቋንቋው ጽሑፍ ለሚያስተምር ሰው ክፍያው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ማስታወሻ ለመጻፍና ኮሜንታሪ ለማንበብ ብቻ ለሚከፍተው ግን አይደለም።

መክፈሉን የመረጠ ሰው አስቀድሞ ድጋፍ ሰጪውን በጽሑፍ ይጠይቅ፦ ሳቆም የትኞቹ መጻሕፍት ይዘጋሉ? ማስታወሻዬን ማንበብ ብቻ ነው ወይስ ማረምም እችላለሁ? ለተወሰነ ጊዜ የከፈለ ሰው የሚቀርለት መሣሪያ አለ? ዋጋው ሲጨምር ስንት ቀን ቀደም ብሎ ይነገረኛል? ክፍያው በስልክ የአፕ መደብር በኩል ከተጀመረ የሚቋረጠውም በዚያው ነው፣ አምራቹ ብዙ ጊዜ ሊሰርዘው አይችልም። አፑን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም፤ መሰረዙም ከእድሳቱ ቀን ቢያንስ 24 ሰዓት ቀደም ብሎ ቢሆን ይሻላል።