ስክሪፕቱ የቆመበት ቦታ

ዛሬ ቀኔን የበላችው አንዲት ነጥብ ናት። ሰርቪስ (ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም) የሚያስነሳ የሼል ስክሪፕት (ትእዛዞች በተርታ የተጻፉበት ፋይል) አለን፤ ውስጡ የዳታው ፓዝ፣ ማለትም አድራሻው፣ «ነጥብ፣ ስላሽ፣ ዳታ» ተብሎ ተጽፏል። አሁን ካለሁበት ፎልደር ሥር ያለው ዳታ ማለት ነው።

በእጄ ሳስነሳው ለወራት ያለ እንከን ሠርቷል። ትናንት ማታ ሰርቨሩ ሪስታርት ተደረገ፤ ሰርቪሱም አብሮ ተነሣ። ጠዋት ስከፍተው ባዶ ነው። አንድም መዝገብ የለም። ልቤ ቀጥ አለ፤ የስንት ሰው ልፋት ነው እዚያ ውስጥ ያለው!

ሎጉን፣ ሰርቪሱ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ፈለግሁ፤ እሱም በቦታው የለም። ፕሮሰሱ ግን አለ፣ እየሠራ ነው። ሊኑክስ ስለሚሠሩ ፕሮሰሶች መረጃ የሚያሳይበት ፕሮክ የተባለ ፎልደር ውስጥ ገብቼ በፕሮሰሱ ቁጥር ሥር «ሲደብሊውዲ» የተባለውን፣ ፕሮሰሱ የቆመበትን ፎልደር በቀስት የሚጠቁመውን ሊንክ አየሁት። ከቀስቱ ቀጥሎ ያለው አንዲት ስላሽ ብቻ ነው። ሩት! የፎልደሮች ሁሉ መነሻ። ሰርቪሱ እዚያ ቆሞ «ዳታ» የሚል አዲስ ፎልደር ለራሱ ፈጥሯል፤ ሎጉም አጠገቡ ነው። ፎልደሩ የተፈጠረበት ሰዓት ማሽኑ ከተነሣበት ደቂቃ ጋር አንድ ነው። (ሩት ተብሎ በሚጠራው የበላይ ተጠቃሚ መብት ስለሚሄድ ከልካይ አልነበረውም፤ ይህም መስተካከል አለበት።) የድሮው ዳታ እንደነበረ አለ። ያኔ ነው የተነፈስኩት።

ስክሪፕት የተቀመጠበት ቦታ ሌላ፣ ሲሠራ የሚቆምበት ቦታ ሌላ። ፕሮሰስ የሚቆምበትን የሚወርሰው ካስነሳው ነው። እኔ ሁልጊዜ ወደ ፎልደሩ ገብቼ ስለማስነሳው ሁለቱ ቦታዎች አንድ መስለውኝ ኖረዋል። ማሽኑ ሲነሣ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ግን የሲስተም ሰርቪሶችን ሌላ ካልተነገረው ከሩት ፎልደር ያስነሳል፤ ሥራዎችን በተቀጠረላቸው ሰዓት የሚያስነሳው ክሮን ደግሞ ከተጠቃሚው ሆም (የግል) ፎልደር።

መጀመሪያ ዶላር ዜሮን (ስክሪፕቱ የተጠራበትን ስም) ከፓዝ ላይ ፎልደሩን ለይቶ ለሚያወጣው ለዲርኔም ትእዛዝ ሰጥቼ ስክሪፕቱ የራሱን ፎልደር እንዲያገኝ አደረግሁ። ሠራ። በሊንክ፣ ሌላ ቦታ ሆኖ ወደ ስክሪፕቱ በሚጠቁም ስም፣ በኩል ስጠራው ግን የሊንኩን ፎልደር ያዘ። ሊንክን እስከ መጨረሻው ተከትሎ የሚሄደው ሪድሊንክ የተባለ ትእዛዝ ከነኤፍ ምልክቱ ሲጨመር እውነተኛው ቦታ ተገኘ። ፓዙ ክፍት ቦታ ሊኖረው ስለሚችል በጥቅስ ውስጥ አስገባሁት።

ከሁሉ በላይ የምቆምላት መስመር ግን ቀጥላ ያለችው ናት፦ ሲዲ፣ ወደ ፎልደሩ የሚያስገባው ትእዛዝ፣ ካልተሳካ ስክሪፕቱ እዚያው ሥራውን ያቋርጥ። ካላቋረጠ ቀጣዩ ትእዛዝ የሚፈጸመው ባለበት ፎልደር ላይ ነው። ቀጣዩ ትእዛዝ የቆዩ ፋይሎችን የሚሰርዝ ቢሆንስ?

«ተነሥቷል» የሚለውን መልእክትም ከእንግዲህ አላምነውም። ትእዛዝ ወደ ጀርባ ሲላክ ትእዛዞቹን የሚያስፈጽመው ሼል ውጤቱን ሳይጠብቅ ዜሮ፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ ይመልሳል፤ ሰርቪሱ በሰከንድ ውስጥ ቢሞት እንኳ መልእክቱ ይታተማል። አሁን ስክሪፕቱ ጥቂት ጠብቆ ፕሮሰሱ መኖሩን ካየ በኋላ ነው የሚናገረው።

ማታ ከሦስት ፎልደሮች አስነሳሁት፤ ከዚያ ማሽኑን ሪስታርት አደረግሁት። ቀስቱ ሙሉውን ፓዝ ያሳያል። ሌሎቹን ስክሪፕቶች ስከፍት ግን ያችው ነጥብ በአራቱ ውስጥ አለች። ነገ በእነሱ እጀምራለሁ።