እመቤቴ እንቅልፌን መለሰችልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስትሮክ የመታኝ በ2014 ዓ.ም. ነው። ደም ግፊት ነበረብኝ። ግራ እጄና እግሬ ከዱኝ፣ አፌ ተጣመመ። ስለ እሱ ብዙ አላወራም። ሆስፒታል ተኛሁ፣ ፊዚዮቴራፒ ሠራሁ፣ በከዘራም ቢሆን ቆሜ ሄድኩ። ሰው ሁሉ «ተረፍሽ» አለኝ። እኔም ተመስገን አልኩ።

ሥቃዩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ የተመታው ጎኔ ማቃጠል ጀመረ። በርበሬ የነካው ቁስል በሉት፤ ቁስል ግን የለም። ነጠላዬ ክንዴን ሲነካኝ እጮኻለሁ። እጄን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሳገባ ብርዱ አይሰማኝም፣ ያቃጥለኛል እንጂ። ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ቤቱ ሁሉ ሲተኛ እኔ ቁጭ ብዬ አነጋለሁ።

የሚያየኝ ሰው ምን ይበል? እጄ አላበጠ፣ አልቀላ። አንድ ክሊኒክ ዲክሎፌናክ ወጉኝ፤ ወይ ፍንክች! ፓናዶልማ ስንቱን ዋጥኩት። አንዲት ጎረቤቴ «ዓይነ ጥላ ነው» ብላ ደመደመች።

ያን ጊዜ ጸሎቴ አጠረ። ውዳሴ ማርያም እንኳ መጨረስ አቃተኝ። «እመቤቴ፣ አንድ ሌሊት አስተኚኝ» ብቻ ነበር የምለው። ካስተኛሽኝ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬም ተሳልኩ።

እንጦጦ ወጥቼም ጠበል ተጠመቅኩ። የእንጦጦን ብርድ ታውቁታላችሁ። ውኃው ሲያርፍብኝ ራሴን ልስት ነበር። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ጠበሉን ጠጪው። ሐኪምም ሂጂ። ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢ» አሉኝ። በጸሎቴ ላይ የመጣ የመጀመሪያው መልስ ይህ ይመስለኛል።

የነርቭ ሐኪሟ ወጣት ናት፣ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። በጥጥ ነካችኝ፣ በቀዝቃዛ ብረት ነካችኝ፤ ዘለልኩ። «እናቴ፣ ሕመምዎ እውነተኛ ነው» አለችኝ። እዚያው አለቀስኩ። እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

የሲቲ ስካን ፊልሜን አሳየችኝ። የተጎዳው ታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። ከሰውነታችን ወደ አንጎል የሚሄደው የስሜት መልእክት በዚያ በኩል ያልፋል። እሱ ሲጎዳ እጅ ደህና ሆኖ ሳለ አንጎል ንክኪውን እንደ ቃጠሎ ይቆጥረዋል። ከስትሮኩ ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ መጀመሩም የተለመደ ነው። ዴዠሪንና ሩሲ የሚባሉ ሐኪሞች ገና በ1906 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ጽፈውታል። አስቡት እንግዲህ! ከመቶ ዓመት በላይ ሲታወቅ የኖረ ሕመም፣ እኛ ሰፈር ዓይነ ጥላ ሲባል።

ዲክሎፌናኩን ከለከለችኝ። እንዲህ ላለው ሕመም አይረዳም፤ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ለሌላ ስትሮክም ያጋልጣል። ልቤን በኢሲጂ አይታ አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ፣ ከትንሽ መጠን ጀምሮ አዘዘችልኝ። ልጄ ስልኳ ላይ አንብባ «እማዬ፣ ይሄ እኮ የድብርት ነው!» ብላ ደነገጠች። ሐኪሟ ግን ቀድማ ነግራኛለች፤ በትንሹ ሲወሰድ የነርቭ ሕመምንም ያስታግሳል። ለማይስማማው ሰው ጋባፔንቲን ወይም ፕሪጋባሊን ይሞከራል። የትከሻዬ ሕመም ደግሞ ሌላ ነው አለችኝ። እሱ የዛለው ክንድ መገጣጠሚያውን ሲጎትተው የመጣ ስለሆነ በፊዚዮቴራፒ ይታገዛል።

መድኃኒቱ ቶሎ አልያዘልኝም። አፌን አደረቀኝ፣ ሆዴን አደረቀኝ፣ ጠዋት ጠዋት አዞረኝ። ላቆመው ስል «በራስሽ እንዳታቋርጪ» እያለች ልጄ ታባብለኛለች። ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይ መስኮቱን ሞልታዋለች። ተኝቼ ነው ያደርኩት!

ቃጠሎው ጨርሶ አልጠፋም። ክረምት ሲገባ ይነሳብኛል፤ ጓንት አደርጋለሁ። «ታዲያ ኪኒኑ ነው እንጂ ጸሎቱ ምን አደረገ?» የሚሉኝ አሉ። ወደዚያች ሐኪም ማን መራኝ? እኔ ኪኒኔን ሳማትብበት አልውጥም።

የካቲት 16፣ ለኪዳነ ምሕረት፣ ጃንጥላዬን አስገባሁ። ልጄ «እማዬ፣ መች ጨርሰሽ ዳንሽና?» አለችኝ።

«እኔ የተሳልኩት ለእንቅልፍ ነው» አልኳት።