ጠገራዬን ይዤ ሐረር

ለራሴ ከሠራሁት የመጀመሪያ የብር አምባር ላይ ትንሿ ጀበና የጠፋችው ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ ስሄድ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ስወርድ በቦታዋ የቀረው አፉን የከፈተ ቀለበት ብቻ ነበር። ጀበናዋን ለመሥራት ሁለት ቅዳሜ ስለ ፈጀብኝ ነገሩን በቀላሉ ማለፍ አልቻልኩም። መተዳደሪያዬ የሒሳብ ሥራ ነው፤ አምባር የምሠራው በእረፍት ቀኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሲሆን ከልምድ በቀር አስተማሪ አልነበረኝም። ተንጠልጣይ ጌጦቹን ከአምባሩ ጋር የሚያያይዙትን ቀለበቶች በጉጠት ጫን አድርጌ እዘጋቸዋለሁ እንጂ መበየድ አልችልም ነበር፤ በእሳት በሞከርኩ ቁጥር ቀለበቱ ሳይዘጋ ጌጡ ይቀልጥብኛል። ሐረር የሄድኩት ይህችን አንዲት ነገር ለመማር ነው።

ከለቡ ማለዳ የተነሣው ባቡር ድሬዳዋ ያደረሰኝ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከዚያ ሚኒባሱ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ፣ ሐረማያን አልፎ፣ በአወዳይ የጫት ገበያ ግርግር መሐል እየተሽሎከለከ ሐረር ሲገባ ሊመሽ ነበር።

በማግስቱ መጀመሪያ ያመራሁት ወደ ሸሪፍ ሙዚየም ነው። ጁገል የሚባለው የሐረር አሮጌው ከተማ ከነግንቡ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ጎብኚው ብዙ ነው፤ ሙዚየሙ ውስጥም አብዛኛው ሰው የሚያተኩረው በእጅ በተጻፉት ጥንታዊ መጻሕፍት ላይ ነበር። እኔ ግን ከብር ጌጦቹ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ዓይኔ የሚፈልገው ቅርጻቸውን ሳይሆን መገጣጠሚያቸውን ነበር። እንደ ቃጭል የሚንሿሹት ጥቃቅን ተንጠልጣዮች የታሰሩባቸውን ቀለበቶች አንድ በአንድ ለማየት ስሞክር ግንባሬ መስታወቱን ነካው፤ ጠባቂው በትሕትና ራቅ እንድል ነገረኝ። ያም ሆኖ ቀለበቶቹ ስንጥቅ እንደሌላቸው አይቻለሁ።

ፈረስ መጋላ ከሚባለው አደባባይ ወደ ውስጥ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ዳር የሚሠሩ አንድ አዛውንት ብር ሠሪ፣ ያረፍኩበት ቤት እመቤት ዘመዳቸው ስለ ሆኑ፣ ለሁለት ቀን አጠገባቸው እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው አልኩ። ከአያቴ የወረስኩትን ጠገራ ብር፣ ማርትሬዛ የሚሉትን፣ ከመሐረቤ ፈትቼ አሳየኋቸው። ሚዛናቸው 28 ግራም አለ። በሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ዓመት እ.ኤ.አ. 1780 ነው፤ ይህ ግን ዕድሜውን አይናገርም። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በቪየናም ሆነ በሌሎች ከተሞች የተመታው ማርትሬዛ ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ወጥቷል። ስለዚህ አንባቢ ቅርስ አጠፋች ብሎ እንዳይፈርድብኝ እለምናለሁ።

«ሐጂ፣ ይቅለጥ ወይስ ይቅር ይላሉ?» አልኳቸው።

«የአያቶቻችሁ አምባር ከምን የተሠራ ይመስልሻል፣ ልጄ?» አሉና ሳንቲሙን በጣታቸው አገላብጠው የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ አሳዩኝ። ድሮ ሰው ብሩን ከመቀበሉ በፊት በጌጡ ዙሪያ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥር እንደ ነበር፣ የደበዘዘ ከሆነም እንደሚመልሰው ነገሩኝ።

ማቅለጫው ውስጥ ጠገራው መጀመሪያ ቀላ፤ ቀጥሎ ጠርዙ ላላ፤ የንግሥቲቱ ፊት ግን እስከ መጨረሻው ቆየ። ሐጂ ቆሻሻውን የሚያጠራውን ነጭ ዱቄት፣ ቁንጥር ቦራክስ፣ ሲበትኑበት ፊቱ እንደ ቅቤ ሰጠመና በምትኩ የምትሽከረከር አንዲት የምታበራ ኳስ ቀረች። ዘይት በተቀባው የብረት መገልበጫ ውስጥ ሲያፈሷት ጭሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ። ስለ አያቴ ያለቀስኩ መስሏቸው ዝም አሉ፤ እኔም አላረምኳቸውም።

የእጄን ልክ የወሰዱት በክር ነው። አውራ ጣቴን ወደ መዳፌ አሳጥፈው እጄ በሚሰፋበት በጣቶቼ ሥር ባሉት አንጓዎች ላይ ክሩን ጠመጠሙት፤ ምክንያቱም የማይከፈት አምባር ማለፍ ያለበት በዚያ እንጂ በእጅ አንጓ አይደለም። ክሩ 20 ሴንቲ ሜትር ወጣ። ሐጂ ከክሩ «ጣት ያህል» አስረዝመው ሊቆርጡ ሲሉ እኔ የሒሳብ አመሌ አስቸገረኝና ወረቀት አወጣሁ፤ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ሽቦ የሚያስፈልገው 21 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ክብደቱም 15 ግራም ገደማ ይሆናል። የሳቸው ጣት ያህልና የኔ ስሌት ተገናኙ። የተረፈው 13 ግራም ለሞረድ የሚባክነው ሲቀነስ ለጀበና፣ ለቃጭልና ለትንሽ ሞሰብ ይበቃል። ብሩ ሲቀጠቀጥ ስለሚጠነክር ሽቦው እስኪሳብ ድረስ ደጋግመን አግለን ውሃ ውስጥ ነከርነው። የመጋሉ ልክ በጨለማ ብቻ የሚታይ ደብዛዛ ቅላት ስለ ሆነ ሐጂ መስኮቱን በጆንያ ጋርደውታል። እኔ ፀሐይ በሞላበት በረንዳ ላይ ስንት ጊዜ አሳልፌ አግዬ ይሆን!

ዋናው ትምህርት በሁለተኛው ቀን ነበር። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ጠገራ ግን ከስድስት እጅ አንዱ መዳብ ስለ ሆነ ገና 780 ላይ መላላት ይጀምራል። ቀልጦ ስንጥቁን የሚዘጋው የመበየጃው ብር መቅለጫ ደግሞ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሐጂ ቁጥሩን አያውቁትም፤ ማድረግ የሚገባውን ግን ያውቃሉ። ጀበናዋን በእርጥብ ጭቃ ቀብረው ቀለበቷን ብቻ ውጭ አስቀሯት፤ ስንጥቋንም ከጀበናዋ በተቃራኒ አዞሩ። እኔ ሁልጊዜ ነበልባሉን በቀጥታ መበየጃው ላይ ነበር የምለቀው። እሳቸው ግን በቀለበቷ ዙሪያ እያዞሩ ብረቱን ራሱን አጋሉት፤ መበየጃው ሙቀቱን ተከትሎ በስንጥቋ ውስጥ ሲሮጥ እንደ ውሃ ብልጭ አለ።

«አሁን አንሺ፣ አሁን!» ብለው ጮኹ።

በእሳት የጠቆረውን አምባር በመዳብ ድስት በሎሚና በጨው ሲቀቅሉት በብረት ጉጠት ላወጣው እጄን ሰደድኩ፤ ሐጂ መዳፌን በእንጨት ማንኪያ መቱት። ብረት ከገባበት በሎሚው ውስጥ የሟሟው መዳብ ብሩ ላይ ተለጥፎ ያቀላዋል። ሦስት ጊዜ ከተጋለና ከተቀቀለ በኋላ አምባሩ ወተት መሰለ።

አዲስ አበባ እንደ ተመለስኩ ቀድሞ የሠራኋቸውን አምባሮች አውጥቼ በጉጠት ብቻ የተዘጉትን ቀለበቶች ቆጠርኩ፤ 31 ናቸው። በስጦታ ለሰጠኋቸውም ደውዬ እንዲመልሱልኝ ለመንኩ፤ ታናሽ እኅቴ «ካወለቅኩት አትመልሺልኝም» ብላ እምቢ አለች። እስካሁን 12ቱን በይጃለሁ። በ13ኛው ላይ ጭቃው ቀድሞ ደርቆ ተሰነጠቀብኝና አንዲት ዓሣ ከነጅራቷ ቀለጠች።