ለአሮጌ ሌንስ የፎከስ ቀለበት የትኛው ግሪስ ይሻላል? እስካሁን የደረስኩበት

አሮጌ ማኑዋል ሌንስ ፈታችሁ የምትገጥሙ ሁሉ ችግሩን ታውቁታላችሁ። የፎከስ ቀለበቱ ወይ ደርቆ አልዞርም ይላል፣ ወይ ደግሞ ያለ ምንም ጉልበት ውልቅልቅ ይላል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የግሪስ ጣጣ ናቸው። ሰሞኑን የያዝኩት ሄሊዮስ 44-2 ነው፣ ባለ 58 ሚሊ ሜትሩ። ስለ ግሪስ አመራረጥ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ግሪስ ዘይትና ማወፈሪያ ነው። ማወፈሪያው ብዙ ጊዜ የሊቲየም ሳሙና ሲሆን ሥራው ዘይቱን ይዞ ማቆየት ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግን ዘይቱ ይለያል። ሳሙናው ቀለበቱ በሚዞርበት ጠመዝማዛ ጥርስ ውስጥ ደርቆ ይቀራል። ዘይቱ ደግሞ ቀስ እያለ ወደ አፐርቸሩ፣ ማለትም የሚገባውን ብርሃን ወደሚመጥኑት ስስ ብረቶች፣ ይሰርጋል፣ መስታወቱም ላይ እንደ ጭጋግ ሊያርፍ ይችላል። የደረቀ ቀለበትና በዘይት የራሰ አፐርቸር አንድ ሌንስ ላይ የምናየው ለዚህ ነው።

ደብሊውዲ-40 ልንፋበት ለምትሉ፣ እባካችሁ ተዉት። ብዙው ክፍሉ የሚተን ማሟሚያ ነው። ቀለበቱ ለጊዜው ይለሰልሳል፤ የሟሟው አሮጌ ግሪስ ግን ቀጥታ ወደ አፐርቸሩ ይወርዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ግሪስ ማሸጊያ ላይ የኤንኤልጂአይ ቁጥር ይጻፋል፣ ከ000 እስከ 6። የተለመደው የመኪና ግሪስ 2 ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ለሌንስም በዚህ ቁጥር ይመርጣል። ነገር ግን ቁጥሩ የሚነግረን ግሪሱ ምን ያህል ጠጠር እንደሚል ብቻ ነው። የሚለካውም ሾጣጣ ብረት ተለቆበት ስንት እንደሚሰምጥ በማየት ነው፤ 2 ቁጥር ላይ ከ26.5 እስከ 29.5 ሚሊ ሜትር ይሰምጣል። ቀለበቱን ስናዞር እጃችን ላይ የሚሰማንን የሚወስነው በዋናነት ውስጡ ያለው ዘይት ውፍረት ነው። ሁለት ግሪሶች እኩል 2 ቁጥር ሆነው፣ ዘይቱ ቀጭን የሆነው ልል ስሜት ይሰጣል፤ ዘይቱ ወፍራምና ተጣባቂ የሆነው ደግሞ ያንን የምንወደውን ለስላሳና ወጥ ክብደት ይሰጣል። ይህኛው ዳምፒንግ ግሪስ ይባላል። ናዮጄል 767ኤ ከታወቁት አንዱ ነው፣ ከወፍራሞቹ ወገን።

ወፍራም ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። የሚነካካው የጥርስ ስፋት በጨመረ ቁጥር ክብደቱም ይጨምራል። ለትንሽ 50 ሚሊ ሜትር የተመቸው ግሪስ ትልቅ ቴሌፎቶ ላይ ክንድ ያደክማል። ብርድም ያወፍረዋል። ኦቶፎከስ ሌንስ ላይ ደግሞ ወፍራሙን ባታስቡት ይሻላል፣ ሞተሩን ያስጨንቀዋል። የሲሊኮን ግሪስ እኔ አልመርጥም፤ ዘይቱ ይስፋፋል፣ አንዴ ከነካካ ማጽዳቱ መከራ ነው።

የማላውቀውን ግሪስ ሌንስ ውስጥ ከማስገባቴ በፊት ጠብታውን ወረቀት ላይ አድርጌ አቆየዋለሁ። ዙሪያው ሰፊ የዘይት ቀለበት ከሠራ ዘይቱን እየለቀቀ ነውና አይገባም። ቀላል ፈተና ነው፣ ግን ብዙ ይናገራል።

አሮጌውን በላይተር ቤንዚን ሙልጭ አድርጋችሁ አጽዱ፤ አዲስና አሮጌ ግሪስ አይቀላቀሉ። ጥርሱ ባለ ብዙ መግቢያ ስለሆነ፣ ማለትም ከአንድ በላይ ቦታ ላይ ሊገጥም ስለሚችል፣ የሚላቀቅበትን ቦታ ሳትፈቱት ምልክት አድርጉበት። በሌላ መግቢያ ከገባ ፎከሱ ኢንፊኒቲ (በጣም ሩቅ ያለ ነገር) ላይ ላይደርስ ይችላል። ስትቀቡ ስስ አድርጉት፤ የተረፈው ተገፍቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ሙሉ ለሙሉ ደረቅ መተውም አይሆንም፤ አሉሚኒየም በአሉሚኒየም ላይ ሲሄድ ይነካከሳል፣ ያኔ ጥርሱ ተበላሸ ማለት ነው።

ሄሊዮሱ መካከለኛ ውፍረት ባለው ዳምፒንግ ግሪስ በጣም አምሮበታል፤ በአንድ ጣት ይዞራል፣ ስለቀው ባለበት ይቆማል። ቀጥሎ ተራው የ135 ሚሊ ሜትሩ ጁፒተር-37ኤ ነው። እሱ ላይ ከቀላሉ ልጀምር አስቤያለሁ። በዚህ ሌንስ የሠራችሁ ካላችሁ የተጠቀማችሁትን ንገሩኝ።