1952 ወይስ 1953? በውክፔዲያ ላይ ምንጭ ስለ መጥቀስ

በአማርኛ ውክፔዲያ ላይ ጽሑፎችን ማረም ከጀመርሁ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት ከሠራኋቸው ስሕተቶች አንዱ ከአእምሮዬ አይጠፋም፤ የተሳሳትሁትም በአንዲት አኃዝ ብቻ ነበር። ስለ አበበ ቢቂላ በሚተርከው ጽሑፍ ውስጥ ሯጩ የሮምን ማራቶን ያሸነፈው በ1952 ዓ.ም. ነው የሚል ዐረፍተ ነገር አየሁ። የሮም ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ1960 መካሄዱን፣ ማራቶኑም በሴፕቴምበር ወር መሮጡን አውቅ ስለ ነበር፣ ዘመን ከተለወጠ ወዲህ የሚቀነሰው ሰባት ዓመት ነው ብዬ በልቤ አስልቼ 52ን ወደ 53 ለወጥሁ። ለውጤን ማንም እንዳይነካብኝ በመስከረም 1953 ዓ.ም. የወጣ የአንድ ጋዜጣ ዘገባ በግርጌ ማስታወሻ ጠቀስሁ። ዘገባውን ግን አላነበብሁትም። ያየሁት በፌስቡክ የተለጠፈ፣ ጠርዙ የተቆረጠ ፎቶግራፍ ሲሆን ከእርሱም የሚነበበው የጋዜጣው ቀንና ትልቁ ርዕስ ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ቀን አንድ የማላውቀው አራሚ ጽሑፉን ወደ ነበረበት መለሰው። በለውጥ ታሪኩ ላይ የተወው ማብራሪያ አንድ መስመር አይሞላም፦ «ሴፕቴምበር 10 ጳጉሜን 5 ነው።» ተናደድሁ፤ እኔ ምንጭ ጠቅሼ ሳለ ምንም ምንጭ ባልጠቀሰ ሰው መታረሜ አላማረኝም። ኋላ ግን የዘመን አቆጣጠር ማመሳከሪያ አውጥቼ ብመለከት በዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 11 ቀን ሆኖ አገኘሁት። አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት አጠገብ የገባው ለእኛ በ1952 ዓ.ም. የመጨረሻ ምሽት ነው። ሮም ውስጥ መንገዱን ችቦ የያዙ ወታደሮች ያበሩለት ነበር፤ በአገሩም የዘመን መለወጫ ዋዜማ ስለሆነ ችቦ የሚለኮስበት ምሽት ነበር። ዜናው በጋዜጣ የወጣው ዓመቱ ከተለወጠ በኋላ ነውና ጋዜጣው 1953 የሚል ቀን መያዙ ግድ ነው። ጋዜጣው አልተሳሳተም። የኅትመቱን ቀን የውድድሩ ቀን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ገልጬ ያላነበብሁትን ገጽ ምስክር አድርጌ ማቆሜም ከስሌቱ ስሕተት የባሰ ጥፋት ነበር።

በውክፔዲያ ላይ የሚጽፈው ሰው ማን እንደ ሆነ አንባቢው አያውቅም። ፕሮፌሰርም ይሁን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የብዕር ስሙ ነው፤ ስለዚህ «እኔ አውቃለሁ» ማለቱ ሚዛን አይደፋለትም። ሚዛን የሚደፋለት አንባቢው ራሱ ሄዶ ሊያየው የሚችል፣ ስለ እርሱ ከሚጻፍለት ሰው ወይም ድርጅት እጅ ያልወጣ፣ ከመታተሙም በፊት የአርታዒ ዓይን ያረፈበት ጽሑፍ ነው። አራሚው የራሱን ምርምር በጽሑፉ ውስጥ እንዲያስገባ ደንቡ አይፈቅድለትም። ተራ ስሌት ግን ምርምር አይባልም፤ ቀንን ከአንድ አቆጣጠር ወደ ሌላው መመለስም ከዚሁ ይቆጠራል። ያ የማላውቀው ሰው ምንጭ ሳይጠቅስ ትክክል ሊሆን የቻለው፣ እኔም ምንጭ ጠቅሼ የተሳሳትሁት በዚህ ምክንያት ነው።

በአማርኛ ሲጻፍ ምንጭ መጥቀስ በሌላ ቋንቋ የማይታሰቡ እንቅፋቶች አሉበት። የባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ እንመልከት። በእንግሊዝኛ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን እስከ 1966ቱ አብዮት ያለውን ዘመን ይተርካል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሁለተኛ እትም ደግሞ ትረካውን እስከ 1983 ዓ.ም. ያደርሰዋል፤ 1983 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. 1991 ነው። እንግዲህ አንድ አራሚ «ባሕሩ፣ 1991» ብሎ ቢያልፍ አንባቢው 1991 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ሲፈልግ ይውላል፤ መጽሐፉን የሚያውቅ ሰው እንኳ ቁጥሩ የመጀመሪያው እትም የወጣበት ይሁን የሁለተኛው እትም ትረካ የሚያበቃበት ዓመት ለመለየት ይቸገራል። «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ምሕጻረ ቃል ለመጻፍ የሚፈጀው ሦስት ፊደል ነው። የእትሙን ቁጥር መጥቀስም እንዲሁ ግዴታ ነው እላለሁ፤ በአንዱ እትም ገጽ ላይ ያለው ነገር በሌላው እትም በዚያው ገጽ ላይ ላይገኝ ይችላል።

የስሙ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ምንጭ ለመሙላት የምንገለገልበት ቅጽ ከእንግሊዝኛው የተወረሰ ስለሆነ ለ«የቤተሰብ ስም» አንድ ሣጥን፣ ለ«የመጀመሪያ ስም» ሌላ ሣጥን አለው። ጥንቁቅ የሆነ አዲስ አራሚ በመጀመሪያው ሣጥን «ዘውዴ» ብሎ ይሞላና በማመሳከሪያው ዝርዝር ውስጥ መጽሐፉ በ«ዘ» ፊደል ሥር ይሰለፋል፤ አባትየው ሳያስቡት ደራሲ ሆኑ ማለት ነው። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ፊደል ተራ ነው የሚያሰልፋቸው። እኔም ሙሉውን ስም በአንድ ሣጥን ውስጥ አስገብቼ ሁለተኛውን ባዶ እተወዋለሁ። ቅጹ ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም።

ብዙ ቦታ የተጻፈ ነገር እውነት ነው የሚለው እምነት ግን ከእነዚህ ሁሉ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ አሜሪካዊ ተማሪ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ላይ ኮዋቲ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ እንስሳ «የብራዚል አዋልዲጌሳ» ተብሎም እንደሚጠራ ለቀልድ ጨመረበት። ምንጭ አልነበረውም። ከዓመታት በኋላ ስሙ በትልልቅ የእንግሊዝ ጋዜጦች ላይ ታየ፤ ውክፔዲያም መልሶ ከጋዜጦቹ አንዱን ምንጭ አድርጎ ጠቀሰ። ክቡ ተዘጋ። በአማርኛ እንዲህ ያለው ክብ ለመዘጋት ያን ያህል ጊዜ አይፈጅበትም፤ የእኛ ውክፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ቢኖሩትም ዘወትር የሚጠብቁት አራሚዎች ጥቂት ናቸውና፣ ያለ ምንጭ የገባ ዐረፍተ ነገር ሳይነካ ይሰነብታል፤ ድረ ገጾችም የቴሌግራም ቻናሎችም ይቀዱታል፤ በዓመቱ ደግሞ አንድ ቅን አራሚ ከእነርሱ አንዱን ምንጭ አድርጎ ያስገባዋል።

ብዙ ቦታ የተጻፈው ነገር ከአንድ ቦታ የተቀዳ መሆኑን ለማወቅ የምጠቀምበት አንድ ዘዴ አለኝ፤ እርሱም የፊደላችንን ሞክሼዎች መከተል ነው። አንድ ሰው ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ አስቦ ሲጽፍ «ኃይለ ሥላሴ»፣ «ሀይለ ስላሴ» ወይም «ኀይለ ሥላሴ» እንደ ልማዱ ይጽፋል። ዐሥር ገጾች ላይ ያው ዐረፍተ ነገር ሆኖ፣ በመካከሉ አንዲት «ሠ» ያለ ቦታዋ ገብታ፣ አራት ነጥቡም በሁለት ሁለት ነጥብ ተተክቶ ካየሁ ምንጩ ዐሥር ሳይሆን አንድ ነው። ዘዴው በግልባጩም ያገለግላል፤ በአንድ አጻጻፍ ፈልጎ ያጣ ሰው በሌላው ሞክሼ መሞከር አለበት፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጽሑፍ የሚገኘው እዚያ ነው።

ከአበበ ጽሑፍ ውስጥ ያነሣሁት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ለምን በባዶ እግሩ እንደ ሮጠ ሲጠየቅ መለሰ እየተባለ የሚነገር ጥቅስ አለ። ባየሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ቃሉ ይለያያል፤ ለማን፣ መቼ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተናገረው የሚገልጽ አላገኘሁም፤ የአማርኛው ቅጂ ደግሞ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መሆኑ ከአገባቡ ያስታውቃል። የክቡር ዘበኛ ወታደር የነበረ ሰው ስለ ራሱ በአማርኛ የተናገረውን ከእንግሊዝኛ መልሰን እንተረጉማለን ማለት ነው። ጥቅሱን አጥፍቼ ዝም ማለት ስላልፈለግሁ ወደ ውይይት ገጹ አዛወርሁትና የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ የሚያውቅ ካለ ጋዜጣውን፣ ቀኑን ከነአቆጣጠሩ፣ ገጹንም እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁ። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት (በወመዘክር) የድሮ ጋዜጦች ጥራዝ ስላለ ፍለጋው የማይቻል አይደለም፤ ቁጭ ብሎ የሚያገላብጥ ሰው ነው የታጣው።

መልስ የሰጠኝ እስከ ዛሬ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጥቅሱን አላውቀውም ካለ በኋላ እንዲህ ሲል ጨመረ፦ አባቱ በዚያ የዋዜማ ምሽት ከጎረቤት ቤት ሬዲዮ ዜናውን ሰምተው፣ ችቦውን እንደ ያዙ ወደ ግቢ እየሮጡ መግባታቸውን እስኪሞቱ ድረስ ይናገሩ ነበር። ይህን በጽሑፉ ውስጥ ማስገባት እንደማልችል፣ ያን ምሽት ሊያስታውሱ የሚችሉ ታናሽ አጎት በሕይወት ካሉት ግን ቃላቸውን ለአንድ የታሪክ ተመራማሪ ወይም ጋዜጠኛ ቢሰጡና ቢታተም በደስታ እንደምጠቅሰው ጻፍሁለት። አጎቱ አሉ፤ ስልክ ደውሎ ሊጠይቃቸው ቃል ገብቷል። ያነሣሁት ጥቅስም በውይይት ገጹ ላይ፣ ከእርሱ መልእክት በላይ ባለው መስመር፣ ምንጩን ይጠብቃል።