የጎረቤቴን አያት የጦር ሜዳ ፋይል እንዴት እንዳነበብኩት

እዚህ ሜልቦርን አንዲት አሮጊት ጎረቤት አሉኝ። ቡና ሳፈላ ብቅ ይላሉ። አንድ ቀን «አያቴ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጂየም ውስጥ ከመሬት በታች ዋሻ ይቆፍር ነበር። ትልቁን ፈንጂ የቀበረው እሱ ነው ይባላል» አሉኝ። እስቲ ልፈልግልዎት አልኳቸው።

የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የዚያን ዘመን ወታደሮች ፋይል ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጦታል። በስሙ ወዲያው አገኘሁት። ያስቸገረኝ ማንበቡ ነው። «ካዡዋልቲ ፎርም» (ቃል በቃል የሙትና ቁስለኛ ቅጽ) የሚል ገጽ ሳይ ቆስሏል ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ወታደሩ ሲዛወርም፣ ሲታመምም፣ ፈቃድ ሲወጣም የሚመዘገበው እዚያው ላይ ነው። ቀኑንም ተሳሳትኩ። በግራ ያለው ሪፖርቱ የመጣበት ነው፤ ነገሩ የሆነበት ቀን በቀኝ በኩል ነው። የሁለት ምሽት ሥራዬን ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ።

ፋይሉ በ1917 መጀመሪያ 1ኛውን የአውስትራሊያ ዋሻ ቆፋሪዎች ሻምበል እንደተቀላቀለ ይናገራል። ምን እንደሠራ ግን አይናገርም። ያንን ያገኘሁት ከሻምበሉ የጦር ሜዳ ማስታወሻና ከታሪክ መጻሕፍት ነው።

ሻምበሉ በቤልጂየም ኢፐር ከተማ አጠገብ ያለውን ሂል 60 የተባለ ኮረብታ ከካናዳውያን የተረከበው በኖቬምበር 1916 ነው። ከጀርመኖች ምሽግ ሥር ሁለት ትልልቅ ፈንጂዎች ከዚያ በፊት ተቀብረው ነበር፤ በድምሩ ከ50 ቶን በላይ። አውስትራሊያውያኑ ሰባት ወር ያህል ጠበቋቸው። ውሃ ያወጣሉ፣ መከላከያ ዋሻ ይቆፍራሉ። ጀርመኖችም ከማዶ ይቆፍራሉ። አንዱ ወታደር ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ እንደ ሐኪም ማዳመጫ ያለ መሣሪያ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ የጠላትን አካፋ ድምፅ ያዳምጣል። እንዳይሰማበት ትንፋሹን ውጦ። ጁን 7 ቀን 1917 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ላይ የሻምበሉ መኮንን ካፒቴን ኦሊቨር ዉድዋርድ የፈንጂዎቹን ማፈንጃ ማብሪያ ጫነ። በዚያ ግንባር 19 ፈንጂዎች በአንድ ሌሊት ፈነዱ።

ስለዚህ አያትየው ትልቁን ፈንጂ አልቀበረም። ይህን መንገር ከበደኝ። ቤተሰብ መቶ ዓመት ያቆየው ወሬ ነው። ግን አሳምሬ ልዋሻቸው አልፈለግኩም፤ ያ ጥበቃ በራሱ ታላቅ ሥራ ነውና። እንዳለ ነገርኳቸው።

ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ የምልመላ ቅጹን አሳየኋቸው። ሥራ፦ ማዕድን ቆፋሪ። ፊርማው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«አባቴም እንዲህ ነበር የሚፈርመው» አሉ።